«ገብቷችኋል?»
ሕፃናት ራሳቸውን መዝነው በቡድን ስለሚመደቡበት የማስተማር ዘዴ

በሐርጌሳ ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ ጧት የሚያልፍ መንገደኛ ከመስኮቱ የሚወጣ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ሳይሰማ አይቀርም። መምህሩ «መ ፈሀንቴን?» ሲል ይጠይቃል፤ ይኸውም በአማርኛ «ገብቷችኋል?» ማለት ነው። ሕፃናቱም በአንድ አፍ «ሃ፥ መዐሊን!» ብለው ይመልሳሉ፤ «አዎን፥ የኔታ!» እንደ ማለት ነው። ይህ ጥያቄና ይህ መልስ የሐርጌሳ ብቻ አይደለም። በጎንደርም፥ በአስመራም፥ በአዲስ አበባም ያደገ ሰው ሁሉ በልጅነቱ ከጓደኞቹ ጋራ «ገብቶናል!» ብሎ ሳይጮህ አልቀረም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ፈተናው ይመጣል፤ ገብቷቸዋል ከተባሉት ልጆች መካከል እኩሌቶቹ እንዳልገባቸው ይታወቃል፤ መምህሩም ያዝናል፥ ወላጅም ይቈጣል።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ዋሸ የምንለው ማንን ነው? ልጁ አልዋሸም። አርባና አምሳ ጓደኞቹ «አዎን» ሲሉ እርሱ ብቻውን «አይደለም» የሚልበት ድፍረት ከየት ይምጣለት? ደግሞም ብዙ ጊዜ ልጁ አለመረዳቱን ራሱም አያውቀውም። መምህሩም በቅን ልቡና ጠየቀ እንጂ አላታለለም። ጉድለቱ ያለው በጥያቄው ላይ ነው። ለሁሉ በአንድነት የቀረበ፥ «አዎን» ከማለት በቀር ሌላ በር ያልተከፈተለት ጥያቄ ስለሆነ፥ መልሱ ለማስተማር የሚረዳ ምንም ነገር አይዝም።

ስለዚህ ነገር አዋቂዎች ብዙ ደክመውበታል። በ1998 እ.ኤ.አ. ፖል ብላክና ዲላን ዊልያም የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ መምህራን፥ ተማሪው በትምህርቱ መካከል የት እንደ ደረሰ ማወቅ ከመጨረሻው ፈተና ይልቅ ለትምህርት እንደሚጠቅም የሚያስረዳ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያም ከለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ጓደኞቻቸው ጋራ ሆነው፥ በሜድዌይና በኦክስፎርድሸር ከሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ጋራ አሳቡን በሥራ ላይ አዋሉት። ከተሞከሩት ዘዴዎች አንዱ የመንገድ መብራትን የሚመስል ነው። ተማሪው ትምህርቱ በሚገባ ከገባው በደብተሩ ላይ አረንጓዴ ምልክት ያደርጋል፤ ከተጠራጠረ ቢጫ፥ ካልገባው ደግሞ ቀይ። መምህሩ ምልክቶቹን አይቶ ክፍሉን ይከፍላል። አረንጓዴና ቢጫ ያደረጉት እርስ በርሳቸው ይረዳዳሉ፤ መምህሩ ከቀዮቹ ጋራ ይቀመጣል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል።

እዚህ ላይ አማርኛን በመማር ላይ ላሉት የመሥሪያ ቤት ሹማምንት ስለ ቃላቱ ጥቂት ብናገር ከጉዳዩ የወጣሁ አይመስለኝም። «መፈተን» ሌላ ሰው በእኛ ላይ የሚያደርገው ነው። «መመዘን» ከሚዛን የመጣ ሲሆን ክብደትን ማወቅ እንጂ መፍረድ አይደለም፤ ሰው ራሱንም ሊመዝን ይችላል። «መገምገም» የሚባል ሦስተኛ ቃልም አለ፤ ነገር ግን ግምገማ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ብዙ ሰው ያስደነገጠ ቃል ስለሆነ ለሕፃናት ባናውለው ይሻላል። በአማርኛ «ራሴን» ስንል ጭንቅላታችንን እንጠራለን፤ በትግርኛም «ገዛእ ርእሰይ» ሲባል እንዲሁ ነው። ሶማሊዎች ግን «ነፍ» ይላሉ፤ ይኸውም ነፍስ ነው። ሕፃን ራሱን ሲመዝን የሚመዝነው ከሁለቱ የትኛውን እንደ ሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ይህ ዘዴ በሐርጌሳ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት በአንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ልጆች ከየት እንደ መጡ ማወቅ ያሻል። የሶማሊ ቋንቋ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ የተወሰነው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1974ና በ1975 ደግሞ የከተማ ተማሪዎች ወደ ገጠር ተልከው ዘላኑን ሕዝብ ፊደል አስተማሩ። ከዚህ በኋላ ክፉ ዘመን መጣ። በ1988 እ.ኤ.አ. በተነሣው ጦርነት ሐርጌሳ በአውሮፕላንና በመድፍ ተደብድባ ፈረሰች፤ ሕዝቧም ተሰዶ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከስደተኞቹ ብዙዎቹ በጅጅጋ አውራጃ በሐርቲ ሼህ ሠፈሩ፤ ያ ሠፈር በዘመኑ በዓለም ካሉት የስደተኛ ሠፈሮች ከታላላቆቹ አንዱ ነበር፤ የተዘጋውም በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። በግንቦት ወር 1991 እ.ኤ.አ. የሶማሌላንድ ነጻነት ከታወጀ በኋላ ሰዎች ተመልሰው ጣሪያ የሌላቸውን ትምህርት ቤቶች እንደገና ሠሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ደረጃ ትምህርት 8 ዓመት ነው።

የዛሬዎቹ ልጆች ጦርነቱን አላዩም። ቢሆንም በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡት እኩዮች አይደሉም። ሦስቱን ብቻ በአሳባችን እናስቀምጣቸው። አንደኛው የነጋዴ ልጅ ነው፤ የ8 ዓመት ልጅ ሲሆን መዋዕለ ሕፃናት አልፎ መጥቷል። ሁለተኛዋ የ12 ዓመት ልጅ ናት፤ በ2016ና በ2017 እ.ኤ.አ. እንደ ደረሰው ያለ ድርቅ የወላጆቿን ከብት ጨርሶባቸው ወደ ከተማው ዳርቻ የመጣች የአርብቶ አደር ልጅ ናት። ሦስተኛው የተወለደው በአውሮፓ ነው፤ ሃይማኖቱንና ባህሉን እንዲማር ወላጆቹ ወደ አገር ልከውታል። እንደዚህ ያለውን ልጅ ሶማሊዎች «ደቀን ዔሊስ» ይሉታል፤ ወደ ባህሉ የተመለሰ ማለት ነው። እነዚህን ሦስቱን መምህሩ በየትኛው ቡድን ይመድብ? በዕድሜ ቢሆን ልጅቱ ትቀድማለች። በእንግሊዝኛ ቢሆን ከአውሮፓ የመጣው ይበልጣል፤ በሶማሊ ንባብ ግን ከሁሉ ወደ ኋላ የሚቀረው እርሱ ነው። ባለፈው ዓመት ውጤት እንዳይመድብ ደግሞ ከሦስቱ ሁለቱ ባለፈው ዓመት በዚያ ትምህርት ቤት አልነበሩም።

አንድ የሒሳብ ምሳሌ እንይ። መምህሩ በጥቍር ሰሌዳው ላይ 52 ሲቀነስ 27 ብሎ ጻፈ። የብዙ ሕፃናት መልስ 35 ነው፤ ከ5 ላይ 2ን ያነሣሉ፥ ከዚያ ከ2 ላይ 7 ስለማይነሣላቸው ገልብጠው ከ7 ላይ 2ን ያነሣሉ። ያቺ የ12 ዓመት ልጅ በወረቀት ላይ ይህንኑ ስሕተት ትሠራለች። ነገር ግን «52 ፍየሎች ነበሩሽ፤ 27ቱ ተሸጡ» ብትባል፥ ጣቷን ሳታንቀሳቅስ «25 ቀሩኝ» ትላለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ማታ ማታ መንጋ ስትቈጥር ያደገች ናትና። እንግዲህ ይህች ልጅ ደካማ ናትን? በፈተና ወረቀት ደካማ ናት። ራሷን እንድትመዝን ብትጠየቅ ግን፥ «መቀነሱን ዐውቀዋለሁ፤ የማላውቀው አጻጻፉን ነው» ብላ ልትናገር ትችላለች። ይህ አንድ ቃል ለመምህሩ ከአንድ ወር ፈተና ይበልጥበታል፤ ልጅቱ የምትፈልገው የአንድ ሳምንት ትምህርት መሆኑን ይነግረዋልና። በፈተናው ውጤት ብቻ ተመድባ ቢሆን ግን ቍጥር ገና ከሚማሩት ታናናሾች ጋራ ተቀምጣ፥ ከጥቂት ወራት በኋላ ከትምህርት ቤት ትቀር ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ልጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ከቀረች መመለሷ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ቀለም ያለው እርሳስ በሌለበት ክፍል ሥራው በጣት ይሠራል። መምህሩ ልጆቹን ዐይናቸውን እንዲጨፍኑ ያዝዛል። ከዚያም የገባው 3 ጣት፥ የተጠራጠረ 2፥ ያልገባው 1 ጣት ደረቱ ላይ አስጠግቶ እንዲያሳይ ይነግራል። ደረት ላይ የሚሆነው ጎረቤት እንዳያይ ነው። መምህሩ በዐይኑ ቈጥሮ ይመድባል። ጥያቄው ግን «ሒሳብ ታውቃለህን?» የሚል እንዳይሆን መጠንቀቅ አለበት፤ «ከላይ ያለው ቍጥር ሲያንስ ከጎረቤቱ መበደርን ለጓደኛህ ልታሳየው ትችላለህን?» የሚል ይሁን። ጥያቄው በጠበበ መጠን መልሱ ይጠራል።

ይህን ሁሉ ስናይ ዘዴው ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን በሶማሊ የቍርኣን ትምህርት ቤት፥ እነርሱ «ዱግሲ» በሚሉት፥ ክፍል በዕድሜ አይለይም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን የእንጨት ሰሌዳ ይዞ፥ በከሰል ቀለም የጻፈውን የራሱን ምዕራፍ ያጠናል፤ በቃሉ መያዙን ሲያምን ወደ መምህሩ ቀርቦ ይወጣዋል፤ ከተሳካለት ሰሌዳውን አጥቦ የሚቀጥለውን ይጽፋል። ሰሌዳውን ለማጠብ መቼ እንደ ደረሰ አስቀድሞ የሚመዝነው ልጁ ራሱ ነው። ብዙ ልጆች ሲሆኑ «ከቢር» የሚባለው የበሰለ ተማሪ ታናናሾቹን ያስጠናል። ከሐርጌሳ በስተ ሰሜን ምሥራቅ መቃብራቸው የሚገኘው አው በርኸድሌ፥ በሌላ ስማቸው ሼኽ ዩሱፍ አል ከውነይን፥ የዐረብኛን የአናባቢ ምልክቶች ሕፃናት በሶማሊ ቃል እንዲያጠኑ ዘዴ ያበጁ መሆናቸው እስከ ዛሬ ይነገርላቸዋል። ሊቁ ያደረጉት ትምህርቱን ልጁ ወዳለበት ማውረድ ነው፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በሌላ አገር እንደ አዲስ የተገኘው አሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በእኛም አገር የቤተ ክህነት ትምህርት እንዲሁ ነው። ከቍጥር ወደ ግእዝ፥ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፥ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ የሚያልፈው ልጅ ዕድሜው አይጠየቅም። በቅኔ ቤትም ተማሪው ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ይበቃል ብሎ ሲያምን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ እስከ መወድስ ስምንት ቤት እስኪደርስ ድረስ ራሱን ሳይመዝን የሚያልፈው ደረጃ የለም።

የሆነ ሆኖ ነገሩን ከመጠን በላይ እንዳናሞግሰው። ሰው ራሱን ሲመዝን ሚዛኑ ሊያጋድል ይችላል። ደቪድ ደኒንግና ጀስቲን ክሩገር የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፥ በፈተና ከሁሉ ያነሱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእውነቱ ከመቶ ሰው 12ቱን ብቻ የሚበልጡ ሲሆኑ፥ 62ቱን የሚበልጡ መስሏቸው ተገኝተዋል። ምክንያቱም ስሕተትን ለማወቅ የሚያስፈልገው ዕውቀት፥ ያው ሰውዬው የጎደለው ዕውቀት ስለሆነ ነው። ትንንሽ ሕፃናትማ ከዚህ ይብሳሉ፤ የ6 ዓመት ልጅ ማን ጎበዝ እንደ ሆነ ሲጠየቅ ሳያመነታ «እኔ!» ይላል። መድከምና መቻል ለእርሱ አንድ ናቸው፤ ስለ ደከመ የቻለ ይመስለዋል። ስለዚህ በ1ኛና በ2ኛ ክፍል የልጁን ምስክርነት ብቻ ይዞ መመደብ አይገባም።

የሕንድ አገሩ የፕራተም ማኅበር ለዚህ ጥሩ መፍትሔ አለው። ሕፃኑን ለብቻው አቅርበው ፊደል፥ ቃል፥ አንድ አንቀጽ፥ አንድ አጭር ተረት በየተራ ያስነብቡታል። የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያም የ3ኛም ይሁን የ5ኛ ክፍል ተማሪ ቢሆን፥ በቀን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ያህል በዕድሜው ሳይሆን በደረሰበት ንባብ ይመድቡታል። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱን ማጋባት ይገባል። በመጀመሪያ ልጁ ራሱን ይመዝን፤ ቀጥሎ መምህሩ በአንድ ትንሽ ጥያቄ ያረጋግጥ። ሁለቱ ሚዛኖች ካልተስማሙ፥ መምህሩ ትምህርቱን ከዚያ ይጀምር። 35 ብሎ ጽፎ አረንጓዴ ያደረገ ልጅ፥ ቀይ ካደረገው ይልቅ እርዳታ የሚሻ ነውና።

ሌላው ችግር ኀፍረት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ነገር ግን በሽታውን በገለጠ ጊዜ የሚሣቅበት ከሆነ፥ መደበቁ ሞኝነት አይደለም። ቀይ ያደረገ ልጅ አንድ ጊዜ ከተሰደበ፥ ከዚያ ወዲህ ክፍሉ በሙሉ አረንጓዴ ይሆናል። ምልክቱ በውጤት መዝገብ ከገባም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከነጥብ ጋራ ፈጽሞ መገናኘት የለበትም፤ ቡድኑም ለዚያ ትምህርት ብቻ ቆሞ በሚቀጥለው ቀን ይፍረስ።

ቡድን ካልፈረሰ ምን እንደሚሆን በኢትዮጵያ ታይቷል። ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት ከገበሬው መንደር ወደ ትምህርት ቤቶች ገብቶ ነበር። በውጤቱ የላቀው ተማሪ መሪ ሆኖ ሌሎቹን እንዲያስጠና ይደረግ ነበር። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ጎበዙ ደካማውን መርዳቱ የቅኔ ቤትም ሥርዐት ነው። ነገር ግን መሪውን የሚያስመርጠው ነጥብ ስለ ነበረ፥ አንድ ጊዜ መሪ የሆነው ሁልጊዜ መሪ፥ ተመሪም ሁልጊዜ ተመሪ ሆኖ የሚቀርበት ክፍል ጥቂት አልነበረም። በሒሳብ የሚበልጠው ልጅ በሥዕልና በንባብም እንዲመራ ሲደረግ፥ በንባብ የሚበልጠው አፉን ዘግቶ ይቀመጣል። ያን ልጅ «አንተ በየትኛው ትምህርት ጓደኛህን ልትረዳ ትችላለህ? በየትኛውስ እርዳታ ትሻለህ?» ብሎ የጠየቀው ቢኖር፥ አደረጃጀቱ ሌላ መልክ በያዘ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እናቶችና አባቶችም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው «ስንት አገኘህ?» ብለን ነው። ልጁም ቍጥሩን ነግሮን፥ ቍጥሩ ዝቅ ያለ እንደ ሆነም ደብቆን፥ ወደ ጨዋታው ይሄዳል። በዚህ ምትክ በማዕድ ላይ «ዛሬ የከበደህ ምን ነበር?» ብንለው፥ መልሱን ለመስጠት ትምህርቱን በልቡናው መመለስ ግድ ይሆንበታል። አባትም በተራው «እኔም ዛሬ በመሥሪያ ቤቴ ይህ ነገር ከብዶኛል» ቢል ክብሩ አይቀነስበትም። በሐርጌሳ ብዙ አባቶች በሩቅ አገር ሥራ ላይ ስለሚገኙ፥ ይህ ጥያቄ በስልክ የሚጠየቅበት ቤት ብዙ ነው፤ በስልክ ሲሆን ደግሞ «ስንት አገኘህ?» ማለቱ ይቀልላል። ቢሆንም አንዱን ደቂቃ ለሌላው ጥያቄ መስጠት አይከብድም።

ስለ ሕፃናት የተናገርሁት ለታላላቆችም ይሆናል። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ለቋንቋ ተማሪዎች 6 ደረጃዎች ያሉትን ሠንጠረዥ ሲያወጣ፥ ሰው ራሱን እንዲመዝንበት አድርጎ ነው። ሠንጠረዡ «ቋንቋውን ታውቃለህን?» አይልም፤ ስለ ራሴና ስለ ቤተ ሰቤ በቀላል ቃል ልናገር እችላለሁ፥ አጭር ደብዳቤ ልጽፍ እችላለሁ፥ እያለ ነገሩን በየዝርዝሩ ያስቀምጠዋል። አማርኛ የምትማሩ ሹማምንት ይህን አብነት ብትከተሉ ትጠቀማላችሁ። በማታው ትምህርት ታላቁ ሹም ከጸሐፊው ጋራ በአንድ ቡድን የሚቀመጥበት ጊዜ ይኖራል፤ ጸሐፊው ብልጫ የሚያሳይበትም ጊዜ ብዙ ነው። «ማመልከቻ አንብቤ መምራት እችላለሁ፤ በስልክ የሚነገረኝን ግን አልሰማም» ብሎ የሚጽፍ ሹም፥ መምህሩን ከብዙ ድካም ያድነዋል።

ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ በዚህ መንገድ ስላለፍሁ ነው። የአፌ መፍቻ ትግርኛ ነው፤ የተማርሁትም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በሕፃንነቴ የአማርኛ ትምህርት በተጀመረበት ቀን አስተማሪያችን «አማርኛ የምታውቁ በቀኝ፥ የማታውቁ በግራ ቁሙ» ብለው አዘዙን። እኔም ፊደሉ ያው የእኛው ፊደል ስለሆነ፥ መጽሐፉንም ገልጬ ያለ እንቅፋት ስላነበብሁት፥ በሙሉ ልብ በቀኝ ቆምሁ። አልዋሸሁም። አስተማሪያችን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳነብ ሰጡኝ፤ «እናቴ ከገበያ ሎሚ ገዛች» የሚል ነበር። ጥርት አድርጌ አነበብሁት። «ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ፥ በትግርኛ «ሎሚ» ማለት ዛሬ፥ «ገዛ» ማለትም ቤት ነውና፥ «እናቴ ዛሬ ከገበያ ወደ ቤቷ ገባች ማለት ነው» ብዬ መለስሁ። በቀኝ የቆሙት ሁሉ ሣቁ፤ በግራ ከቆሙትም ምን እንደ ሆነ ሳይገባቸው የሣቁ ነበሩ።

አስተማሪዬ ግን አልሣቁም። በማግሥቱ ቀኝና ግራ ማቆሙን ትተው፥ ለእያንዳንዳችን አሥር ዓረፍተ ነገሮች የተጻፉበት ወረቀት ሰጡንና «ትርጉሙን ለጓደኛችሁ ልታስረዱ በምትችሉት ሥር መስመር አስምሩ፤ ነጥብ የለውም» አሉን። እኔም ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አንብቤ ከአሥሩ በ3ቱ ሥር ብቻ አሰመርሁ። ከሦስቱ አንደኛው የሎሚው ነበር።